እንጀራ ልተው ወይ?

ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ፈንገስ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ 22 ዓመት ቆሜያለሁ፤ ሰው ይህን ነገር እንዴት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቃል። የራስ ምታት ኪኒን ይገዛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለአንድ ጓደኛዬ ነበር" ይላል። እዚህ ገጽ ላይ ግን ሳናፍር እናውራው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ብልቴን ማሳከክ ከጀመረኝ ከዓመት በላይ ሆነኝ። እንደ አይብ የተቆራረጠ ነጭ ፈሳሽም አለኝ። ኪኒን ስውጥ ይተወኛል፤ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። አሁን ደግሞ ድካም፣ ሆድ መነፋትና ራስ ምታት ተጨመረበት። ጓደኛዬ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። "ሰውነትሽ በእርሾ ተሞልቷል" ይላል። ጠዋት ከአፌ ምንም ሳላስገባ ብርጭቆ ውኃ ላይ ምራቄን ተፋሁ፤ ክር ክር እየሠራ ወደ ታች ወረደ። ምልክቱ እሱ ነው ተባልኩ። እንጀራ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ከተውኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሆድ የሚያጸዳ የተባለ ካፕሱልም በ4,500 ብር ገዛሁ። እናቴ ማዕድ በቀረበ ቁጥር እያየችኝ ታለቅሳለች። እባክዎ ይንገሩኝ፣ እንጀራ ልተው ወይ?

መልስ፦ አብሽሪ፣ እህቴ። እንጀራሽን ብዪ። ዛሬውኑ ብዪ፤ እናትሽም ዕንባዋን ትጥረግ። የቀረውን ከበላሽ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ነገሩን ያወሳሰበብሽ ቃሉ ነው። እርሾ ሲባል እኛ ቤት የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ልጅ ሆኜ እናቴ ስታቦካ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። በሦስተኛው ቀን የቡሃቃውን ክዳን ስታነሳ ሊጡ ታች ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ቢጫ ውኃ ቀርሯል። ጠርዝ ጠርዙን ትናንሽ አረፋ ይዞታል። ሽታው ኮምጠጥ ያለ ነው፤ አፍንጫ ይነካል እንጂ አያስከፋም። ውኃውን ቀስ ብላ ታጠልልና ለሚቀጥለው ቡኮ በጣሳ ታስቀምጣለች። እርሾ እሱ ነው። ውስጡ በዐይን የማይታዩ ብዙ ዓይነት ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ። አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉበት፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገሶችም አሉበት። እንጀራው ዐይን የሚያወጣው እነሱ በሚፈጥሩት ጋዝ ነው። ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ግን ግለቱ ይፈጃቸዋል። አንቺ ሳህን ላይ የሚደርሰው እንጀራ እንጂ ሕያው እርሾ አይደለም።

ብልት ላይ ይህን ችግር የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ነው። እሱም ከእርሾ ወገን መሆኑ እውነት ነው። ግን ከእንጀራ አይመጣም። ከዳቦም፣ እዚያው ኮምቦልቻ ከሚጠመቀው ቢራም አይመጣም። ድሮም እኛው ላይ የሚኖር ነው። በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና ብልት ውስጥ ምንም ሳያደርግ ተቀምጧል። ብልት ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አሲድ እየሠሩ አካባቢውን ይጠብቃሉ። እነሱ ሲመቱ፣ ወይም ሰውነት ሲዳከም፣ ወይም ስኳር ሲበዛ ካንዲዳው ይራባል። ያኔ ነው የሚያሳክከው። ይህ ደግሞ አንቺ ላይ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም። ከ4 ሴቶች 3ቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። የንጽሕና ጉድለት አይደለም። ከሰው የሚጋባ የአባላዘር በሽታ ተብሎም አይቆጠርም።

ወደ ብርጭቆው ልምጣ። ይህን የምራቅ ነገር ከአንቺ በፊት ሦስት ሰው ጠይቆኛል። አንድ ጠዋት እኔና አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ልጆች ሱቁን ሳንከፍት ሞከርነው። ሦስት ብርጭቆ፣ ንጹሕ ውኃ። መጀመሪያ ምራቁ ላይ ላዩን ተንሳፈፈ። ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ ቀጫጭን ክር እያወረደ መስመጥ ጀመረ። የሦስታችንም እንደዚያው። ሦስታችንም ደህና ነን። ምራቅ ውስጥ የሚያጣብቅ ንፍጥ አለ፤ ጠዋት ደግሞ ይወፍራል። ክሩ እሱ ነው። በዓለም ላይ በምራቅና በብርጭቆ ካንዲዳን የሚመረምር ላብራቶሪ የለም።

"ሰውነትሽ በእርሾ ተሞልቷል" የሚለው ወሬም አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ (እዚህ ገጽ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የተወሰኑ ሐኪሞች ድካሙንም፣ ድብርቱንም፣ ራስ ምታቱንም በካንዲዳ ማሳበብ ጀመሩ። ነገሩ በወሬ አልቀረም፤ ተፈተነ። በ1990 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት አለ። እንዲህ ዓይነት ስሜት ያላቸው 42 ሴቶች ተመረጡ። ለ32 ሳምንት አንዴ ኒስታቲን የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት፣ አንዴ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ኪኒን እያፈራረቁ ተሰጣቸው። የትኛውን እንደወሰዱ እነሱም፣ ሐኪሞቹም አያውቁም። የብልት ማሳከኩን ኒስታቲኑ ረዳ። ድካሙና ድብርቱ ላይ ግን ከባዶው ኪኒን አልተሻለም።

እዚህ ላይ እንዳትቀየሚኝ። ድካምሽ የለም አላልኩም። አለ። ሦስት ሳምንት እህል ትቶ ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ባይደክመው ነበር የሚገርመኝ። እኔ የምለው፣ ድካሙን "እርሾ ነው" ብለሽ ከዘጋሽው እውነተኛው ምክንያት ሳይፈለግ ይቀራል ነው። ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ እጢ ችግር ሊሆን ይችላል። እርግዝና ሊሆን ይችላል። ስኳር ሊሆን ይችላል።

ስኳርን ሳነሳ አክስቴን ልንገርሽ፤ እሷም ፈቅዳልኛለች። የምትኖረው እዚያው አንቺ ከተማ ነው። "ልጄ፣ ያቺን የማሳከክ ቅባት ላኪልኝ" ብላ ደወለች። ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ አደረሰላት። ከሁለት ወር በኋላ ደግማ ደወለች። ላክሁ። ሦስተኛም ላክሁ። ፋርማሲስት ነኝ፤ ለማላውቀው ሰው የምጠይቀውን ጥያቄ ለገዛ አክስቴ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ለበዓል ሄጄ እሷ ዘንድ አደርኩ። አልጋዋ አጠገብ ትልቅ የውኃ ጆግ አለ። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ተነሳች፣ በተነሳች ቁጥር ትጠጣለች። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ እየቆጠርኩ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ጣቷን ወግተን ለካናት። 341፤ ከ100 በታች ሊሆን ሲገባው። ስኳር ሲበዛ በሽንትም ይወጣል፤ ለፈንገሱ ምግብ ይሆነዋል፤ ሰውነትም የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ማሳከኩ ለወራት ሲነግረን የነበረው ይህን ነበር፤ እኔ ደግሞ በቅባት ዝም አሰኘዋለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን መድኃኒቷን ይዛለች፤ ስኳሯ ሲወርድ ማሳከኩም በዚያው ሄደ።

ስለዚህ ካንቺ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ነገሩ በእርግጥ ፈንገስ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህን የምለው ብዙ ሴት ስለምትሳሳት ነው። አሜሪካ ውስጥ "ፈንገስ ነው" ብለው ራሳቸው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶች ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱ በ2002 ወጣ። ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው። ሌሎቹ ሌላ ነገር ነበረባቸው፣ ወይም ድብልቅ ነበር፣ ወይም ምንም አልነበረባቸውም። ሳሳ ያለ፣ ግራጫ መሰል፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ነው። ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚሄድ፣ አረፋ ያለው ከሆነ ትሪኮሞናስ የሚባል በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ የትዳር ጓደኛም አብሮ መታከም አለበት። ለእነዚህ የፈንገስ ኪኒን አንዳች አይሠራም።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ከፈሳሹ ጥቂት ወስደው መስታወት ላይ ያደርጋሉ፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ያደርጉበታል። የሰውነታችንን ሕዋስ ያሟሟዋል፤ ፈንገሱ ብቻ ጎልቶ ይቀራል። ላብራቶሪ የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አንድ ቀን ጠርቶ አሳይቶኛል። ሞላላ እንቁላል የሚመስሉ ነገሮች አሉ። አንዳንዱ ጎኑ ላይ ትንሽ ቡቃያ አውጥቷል፤ እንደዚያ ነው የሚራባው። በመካከላቸው ረጃጅም ክር ተዘርግቷል። ካየኸው በኋላ አትረሳውም። አንቺም "ታይቷል" የሚል ወረቀት በእጅሽ ይኑር።

ሁለተኛው፣ በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመላለሰ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ነው። በባዶ ሆድ ስኳር ትለኪያለሽ። ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም እንደዚያው ካሳየ፣ ስኳር በሽታ ነው። የኤችአይቪ ምርመራም አድርጊ። ክፉ ጠርጥሬ አይደለም፤ ደጋግሞ ለሚመጣ ፈንገስ ለማንም የምመክረው ነው። ደም ማነስም ይታይልሽ። አንቲባዮቲክስ ትወስጂያለሽ? ጉንፋን በያዘሽ ቁጥር አሞክሲሲሊን የምትውጪ ከሆነ፣ ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ራስሽ እየገደልሻቸው ነው። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሲሲሊን አይነካውም።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ለአንድ ጊዜ ሕመም በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ወይም የሚዋጥ 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል አንዴ ይበቃል። ለሚመላለሰው ግን አንዴ አይበቃም። ሐኪም በመጀመሪያው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ቀን፣ ከዚያም በሳምንት አንዴ ለስድስት ወር ሊያዝልሽ ይችላል። እስከ አሁን "ይተወኛል፣ ይመለሳል" ያልሽው አንድ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በራስሽ አትጀምሪው፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል፤ ለምን እንደሆነ ከታች ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ታያለሽ። ኬቶኮናዞል የሚዋጥ ኪኒን የሚሰጥሽ ካለ ደግሞ አትቀበዪ። ጉበት ስለሚጎዳ በ2013 አውሮፓ ከገበያ እንዲወጣ ተወስኗል። ለፎረፎርና ለቆዳ የሚቀባው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ችግር የለውም።

ኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ናይለን የውስጥ ልብስ ለብሶ መሥራት አካባቢውን ያረጥበዋል። ጥጥ ልበሺ፤ ላብ ካራሰሽ ቀይሪ። በሎሚ፣ በሳሙና፣ በዲቶል ውስጥሽን አትጠቢ። ውጭውን በንጹሕ ውኃ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርት የምታስገባም አይቻለሁ፤ ቆስላ መጣች። ወይባ ጢስ የእናቶቻችን ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ፤ የቆሰለና ያበጠ ገላን ጢስ ላይ ማስቀመጥ ግን ሥቃይ መጨመር ነው። እስኪድን ይቆይ።

ካፕሱሉን ተዪው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ዕቃ ላይ አንድ ብር እንኳ አትጨምሪ። እርጎ ከወደድሽ ብዪ፤ ይመግብሻል፤ መድኃኒት ግን አይደለም። ለስላሳ መጠጥ ብትቀንሺ ለጥርስሽም ለክብደትሽም ጥሩ ነው፤ ማሳከኩን ግን አያድንልሽም። የምርመራውን ወረቀት ስታገኚ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያ ልጃችን ሦስት ሳምንቱ ነው። ምላሱና ጉንጩ ውስጡ ነጭ ሆኗል። ጡት ይይዝና እያለቀሰ ይለቃል። አማቴ "እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ" ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ በማርና በጨው ይታሽ ይላል። እኔ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ ወይም በእናንተ ወግ እንደሚባለው፤ ልጁ ይደግልህ። እንጥሉን አታስቆርጥ። ስለዚህ ነገር ለስለስ ብዬ መናገር አልችልም። በምላጭ የሚነካ የሦስት ሳምንት ጉሮሮ ይደማል፤ ይመረቅዛል፤ ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። አማትህ ክፉ አስበው አይደለም። እሳቸውም ሲደረግ ያዩትን ነው የሚሉት። በእርጋታ ንገራቸው፤ ከቻልክ ጤና ጣቢያ ይዘሃቸው ሂድና ከባለሙያ አፍ ይስሙት።

ማርም አይሆንም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በምንም ምክንያት አይሰጥም፤ ነርቭ የሚያደነዝዝ አደገኛ ሕመም የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

ነጩን ነገር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለህ ነካ አድርገው። በቀላሉ ከለቀቀ ወተት ነው። ካልለቀቀ፣ ወይም ሲለቅ ሥሩ ቀይ ሆኖ ከታየ የአፍ ፈንገስ ነው። ፍቀህ ለማንሳት አትታገል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃናት ላይ የተለመደ ነው፤ መከላከያቸው ገና ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ኒስታቲን ጠብታ ነው። ጡት ከጠባ በኋላ፣ ታዞ በተሰጣችሁ ልክ፣ ግማሹ በአንድ ጉንጭ፣ ግማሹ በሌላው፤ በቀን አራት ጊዜ። ነጩ ከጠፋም በኋላ ሁለት ቀን ቀጥሉበት። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤትህ የጡቷ ጫፍ የሚያቃጥላት፣ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ እሷም አብራ ትታከም፤ አለዚያ ከአፍ ወደ ጡት፣ ከጡት ወደ አፍ ሲመላለስ ይኖራል። ማጥባቱን አታቋርጥ።

ያቺን ቢጫ ጠብታ በሸጥኩ ቁጥር ሁለት አሜሪካውያን ሴት ተመራማሪዎችን አስታውሳለሁ። ኤሊዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን ይባላሉ። አንዷ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ አልባኒ ሆነው፣ ከየቦታው የተሰበሰበ አፈር ላይ ያደገውን በጠርሙስ እያደረጉ በፖስታ ይላላኩ ነበር። አንድ ወዳጃቸው ቨርጂኒያ ውስጥ ከነበረው የከብት እርባታ የመጣ አፈር ውስጥ ፈንገስ የሚገድል ነገር አገኙ። ይፋ ያደረጉት በ1950 ነው። ስሙንም በኒው ዮርክ ግዛት ስም ኒስታቲን አሉት። ከመድኃኒቱ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ተገኘ፤ ለራሳቸው አልወሰዱትም፤ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። ልጅህ አፍ ውስጥ የምትገባው ጠብታ የእነሱ ናት።

ልጁ ጨርሶ መጥባት ካቆመ፣ ካተኮሰው፣ ወይም ከደከመና አልነቃ ካለ ጠብታ አትጠብቅ፤ ወዲያው ሆስፒታል። መድኃኒቱን በደንብ ወስዶም ደጋግሞ ከመጣ ለባለሙያ አሳየው፤ የእናቲቱም የኤችአይቪ ውጤት እንደገና ይታይ።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ፤ ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። የብልቴ ጫፍ ቀልቶ ያሳክከኝ ነበር። አፍሬ ሐኪም ጋ አልሄድኩም። አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁና የፈንገስ ኪኒን ፍሉኮናዞል ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ውሰድ ተብዬ ተሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ከመስጊድ ስወጣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዐይኔ ጨለመ። ሰዎች ደግፈው ሻይ በስኳር አጠጡኝ፣ ነቃሁ። ፈንገሱ ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ነው?

መልስ፦ አላህ አተረፈዎት፣ ጋሼ። ያጠጡዎት ሰዎች ደግሞ እጃቸው ይባረክ፤ ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት። ፈንገሱ የትም አልወጣም። ስኳርዎ ወርዶ ነው።

ፍሉኮናዞል ጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶች የሚፈጩበትን መንገድ ያዘገያል። ግሊቤንክላማይድ ቶሎ ከሰውነት መውጣት ሲያቅተው ይጠራቀማል። ስኳሩን ከሚገባው በላይ ያወርደዋል። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ የዐይን መጨለሙ የዚያ ነው። ለሌላ ሰው ደህና የሆነ ኪኒን ለእርስዎ እንዲህ ሆነ። የሸጠልዎት ሰው "ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?" ብሎ ሊጠይቅዎ ይገባ ነበር። ይህን የምለው ሙያዬ ስለሆነ ያመኛል። ከእንግዲህ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ባዶ ማሸጊያቸውን በኪስዎ ይያዙ፤ የትም መድኃኒት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ወዳጅ ካለዎትም ይንገሩት፤ ከእሱም ጋር ይጣላል።

አሁን ኪኒኑን አይቀጥሉ። ለእርስዎ የሚቀባ ክሎትሪማዞል ይሻላል፤ ደም ውስጥ የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። በውኃ ታጥበው በደንብ ካደረቁ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የስኳር ክትትል ወደሚያደርጉበት መሄድ ነው። ማሳከኩ የመጣው ስኳሩ ከፍ ብሎ ስለከረመ ይመስለኛል። ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩት። እንዲህ ያለውን እየሰማ ነው የሚውለው። ቆዳው ከተሰነጠቀ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የምስበው ፓፍ አለኝ። አፌ ነጭ ይሆናል፣ ድምፄም ይጎረናል። ፓፉን ላቁመው?

መልስ፦ አታቁሚው! በክረምት ደሴ ብርድ ላይ አስምሽ ቢነሳብሽ ከአፍ ፈንገስ በብዙ እጥፍ ይከፋል። በየቀኑ የምትወስጂው ፓፍ ስቴሮይድ ያለበት ነው፤ አፍ ውስጥ ሲቀር ፈንገስ ያበቅላል። ከሳብሽ በኋላ በውኃ ተጉመጥመጪና ትፊው፤ አትዋጪው። ጥርስሽን ከመቦረሽሽ በፊት ብትስቢው ደግሞ በጣም ጥሩ። አሁን ላለው ነጭ ነገር ኒስታቲን ይታዘዝልሻል። ምግብ ስትውጪ ደረትሽን የሚያምሽ ከሆነ ግን ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ታዪ።

ጥያቄ፦ ካንዲዳ ደም ውስጥ ገብቶ ሰው ይገድላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? እኔ ጥፍሬ ላይ ፈንገስ አለብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ተኛ፣ ወንድሜ። ደም ውስጥ የሚገባ ካንዲዳ አለ፤ ከባድ ነው፤ ይገድላልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ ካንዲዳ አልቢካንስ ከላይኛው ረድፍ ተቀምጧል። ይህ የሚደርሰው ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኙ፣ ደም ሥራቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ቱቦ በገባላቸው፣ በካንሰር ሕክምና ነጭ የደም ሕዋሳቸው በወረደ፣ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው። የጥፍር ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ ዘሩም ሌላ ነው። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። እንቅልፍህን የሚያሳጣ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ መጣብኝ። በብልት የሚገባ ኪኒን ሰጡኝ። ልጄን እንዳይነካው ብዬ ፈርቼ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት።

መልስ፦ ከትራስሽ ሥር አውጪው፤ ልጅሽን አይነካም። በእርግዝና ጊዜ ፈንገስ ቶሎ ይመጣል፤ ሆርሞኑ ነው የሚያመጣው። የሚዋጠው ፍሉኮናዞል ነው በእርግዝና የማይመከረው። ክሎትሪማዞል ግን እዚያው ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚሠራው። ሰባቱንም ቀን ተጠቀሚው፤ በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቢተውሽም አታቋርጪ።

ማታ ልትተኚ ስትዪ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። አብሮት የመጣ ማስገቢያ ፕላስቲክ ቢኖርም አንቺ በጣትሽ ብታስገቢው ይሻላል፤ ቀስ ብለሽ፣ ሳታስገድጂ፣ የሄደልሽን ያህል። ጠዋት ነጭ ነገር ቢወጣ አትደንግጪ፤ የሟሟው ኪኒን ትርፍ ነው። ስስ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርጊ። ውኃ የመሰለ ፈሳሽ በብዛት ከወረደሽ፣ ደም ካየሽ፣ ወይም ቁርጠት ከጀመረሽ ግን ያ የፈንገስ ነገር አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። በሚቀጥለው ክትትልሽ ደግሞ ለአዋላጇ "ፈንገስ ይዞኝ ነበር፤ ስኳሬን ለኩልኝ" በያት።